ትንሿን ውሻ ሲያሳክካት፦ ሻምፖ፣ መርፌ፣ ጠብታ ወይስ ኪኒን?

ሌሊት ቡቺ ስታክ እግሯ ወለሉን ይመታል። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። የደሴ ብርድ ብርድ ልብስን እስከ ጆሮ አስጎትቶ የሚያስተኛ ነው። እኔ ግን ያን ድምፅ እየሰማሁ ሦስት ሳምንት አደርኩ።

ቡቺ ነጭ፣ ጸጉራም፣ ትንሽዬ ውሻ ናት። ሌላ ስም አላወጣንላትም። ሰፈሩ ሁሉ ገና ከበር ሲያያት «ቡቺ» ስላላት በዚያው ቀረች። ማከክ ስትጀምር ምክሩም ከየአቅጣጫው መጣ። ጎረቤታችን እማማ «በእንዶድ እጠባት ልጄ» አሉኝ። ዘበኛችን «ነጭ ጋዝ ነካ ነካ አድርግባት» አለ። አንድ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ ሰው «አንድ ሚሊ መርፌ ይበቃታል» ብሎ ብልቃጡን አወጣልኝ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደግሞ ደውላ «ኪኒን አለ እኮ፣ አንዴ ከዋጠች ሦስት ወር ነው» አለች። አራት ሰው፣ አራት መፍትሔ። ምን እንደሚያሳክካት የጠየቀ ግን የለም። ስንት ኪሎ እንደሆነችም ማንም አልጠየቀም።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የእንስሳት መድኃኒት ቤት መደርደሪያ የሚሞላው ለበሬ፣ ለበግና ለፍየል ነው። አይፈረድባቸውም፤ ገበያቸው እሱ ነው። ለእኛ ግን ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ልክ ሁሉ የትልቅ እንስሳ ነው። ትንሽ ውሻ ስትጎዳ ብዙ ጊዜ የሚጎዳት መድኃኒቱ ሳይሆን መጠኑ ነው።

መጀመሪያ፣ ምንድን ነው የሚያሳክካት?

ቤት ውስጥ፣ ያለ ምንም ወጪ የሚደረጉ ፍተሻዎች አሉ። ከነዚህ በፊት ምንም አትግዙ።

አንደኛው የእርጥብ ሶፍት ፍተሻ ነው። ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥባችሁ መሬት ላይ አንጥፉ። ጥርሱ በጠበቀ የቅማል ማበጠሪያ ወገቧንና የጅራቷን ሥር አበጥሩ። የወረደውን ጥቁር ብናኝ ሶፍቱ ላይ አራግፉና ትንሽ ቆዩ። ዙሪያው ቡናማ ቀይ እየሆነ ከተሰራጨ አፈር አይደለም። የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀይ ያደረገው የጠጣችው ደም ነው። ቁንጫዋን በዓይናችሁ ባታዩዋት እንኳ መኖሯን አወቃችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው የጆሮ ፍተሻ ነው። የጆሮዋን ጫፍ በሁለት ጣት አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። የኋላ እግሯ በራሱ አየር ላይ ማከክ ከጀመረ እከክ ጠርጥሩ። እከክ የምለው ቆዳ ውስጥ ጉድጓድ እየቆፈረች የምትኖረውን፣ በዓይን የማትታየውን ተባይ ነው። ይህ ፍተሻ ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። ግን የጆሮ ጫፍ፣ ክርንና ሆድ ላይ ቅርፊትና መመለጥ አብሮ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ክንዱን ወይም ሆዱን ማከክ ከጀመረ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ይቺ ተባይ ወደ ሰው ትተላለፋለችና።

ሦስተኛው ቦታውን ማየት ነው። ወገብና የጅራት ሥር ከሆነ ባብዛኛው ቁንጫ ነው። መዳፏን ሌት ተቀን የምትልስ፣ ፊቷን ምንጣፍ ላይ የምታሽ፣ ጆሮዋ ውስጥ የሚቀላባት ከሆነ ወደ አለርጂ ያመዝናል። ቆዳዋ ቅባት ቅባት ብሎ የቆየ ላብ ዓይነት ሽታ ካለው ፈንገስ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ እሱም ወደ ልጆች ይተላለፋል። ብዙም ሳያሳክካት ዓይኗ ዙሪያና እግሮቿ ላይ የሚመለጥ ቡችላ ካለቻችሁ ደግሞ ሌላ ዓይነት ተባይ አለ። ዴሞዴክስ ይባላል፤ የሚኖረው የጸጉር ሥር ውስጥ ነው።

መዥገርን አልረሳሁትም። እሱ ግን ስለሚታይ ፍተሻ አይፈልግም። ጆሮ ውስጥና በጣቶች መካከል እዩ።

አንድ ነገር እዚሁ ላይ ልበል። የእብድ ውሻ በሽታም የተነከሰውን ቦታ ሊያሳክክ ይችላል። ያልተከተበች ውሻ ጠባይዋ ድንገት ከተቀየረ፣ ምራቋ ከተዝረከረከ ወይም ያገኘችውን ሁሉ የምትነክስ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ተዉት። አትንኳት፤ ዝጉባትና ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። የነከሰችው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና ሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።

የመዘንኩበት

አማራጮቹን ያየሁት በአምስት ነገር ነው። የትኛውን መንስኤ ነው የሚያክመው? ለትንሽ ክብደት በትክክል መለካት ይቻላል? እዚህ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ነው? ለሦስት ወር ሲሰላ ስንት ነው? ቤት ውስጥስ ምን ያህል ያለፋል?

አራተኛውን ሰው ይዘነጋዋል። የአንድ ቀን ዋጋው ርካሽ የሆነ ነገር በየሳምንቱ ሲገዛ ርካሽ አይደለም። የብር ቁጥር አልጻፍኩም፤ ዛሬ የጻፍኩት የሚቀጥለው ወር አይሠራም።

ክብደት ግን ከሁሉም ይቀድማል። ትንሽ ውሻ በግምት አይሆንም። ጸጉሯ ያታልላል፤ ሰባት ኪሎ ትመስልና አራት ኪሎ ትሆናለች። እኔ ቡቺን አቅፌ ፒያሳ ሚዛን ይዞ ከሚቀመጥ ልጅ ዘንድ ሄድኩ። አቅፌያት ተመዘንኩ፣ አስቀምጫት ተመዘንኩ፣ ቀነስኩ። 4.5 ኪሎ። ልጁ እየሳቀ የሁለት ሰው አስከፈለኝ።

ማጠብ

ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጥሩ ጅማሬም ነው፣ በትክክል ከተደረገ።

የልብስ ሳሙና፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽና በረኪና ከዝርዝሩ ይውጡ። የውሻ ቆዳ ከሰው ቆዳ የሳሳ ነው። የልብስ ሳሙና ተፈጥሯዊ ቅባቱን ጠርጎ ያነሳውና ውሻዋ በማግስቱ ብሳ ታካለች። የሰው ሻምፖም ለሰው ቆዳ አሲድነት የተሠራ ስለሆነ አይስማማትም። የውሻ ሻምፖ ካጣችሁ ሽታው ያልበዛ የሕፃናት ሻምፖ ለአንድ ሁለት ጊዜ ያሻግራል።

ለተቆጣ ቆዳ እኔ የወደድኩት አጃ ነው። አጃውን አድቅቆ መፍጨት፣ ለብ ባለ ውሃ መበጥበጥ፣ በነጠላ ጨርቅ ማጥለል። ከታጠበች በኋላ ያን ወተት የመሰለ ውሃ ማፍሰስና አሥር ደቂቃ ማቆየት። ማሳከኩን ለአንድ ሁለት ቀን ያበርደዋል። ቁንጫ አይገድልም፣ እከክ አይነካም። ማስታገሻ ነው።

ቆዳዋ ላይ መግል የያዘ ብጉር ካለ ወይም ከሸተተ ክሎርሄክሲዲን ያለበት ሻምፖ ያስፈልጋል። ሚስጥሩ ደቂቃው ነው። አረፋው ቆዳው ላይ አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ከታጠበ ገንዘቡ በቱቦ ሄደ። ትንሽ ውሻን አሥር ደቂቃ በአረፋ አቅፎ መቆየት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ትንሽ ውሻ እርጥብ ሆና ስትቆይ ሙቀቷ ቶሎ ይወርዳል። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት በፊት፣ ወይም ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው አታጥቧት። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ማሳከኩን ያባብሰዋል። በፎጣ አድርቁና ፀሐይ ላይ አቆዩአት። የሐረጎን ዳገት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ጭንቀቱ ይቀንሳል፤ እዚያ ማጠብ ቀላል ነው። ግን ሙቀቱ ለቁንጫና ለመዥገርም ይመቻል።

ማጠብ ብቻውን ቁንጫን የማያጠፋው ለምንድን ነው? ውሻዋ ላይ የምታዩት የቁንጫው ሠራዊት ጥቂቱ ነው። አንዲት ቁንጫ በቀን ከ40 እስከ 50 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ከጸጉሩ ላይ እየረገፈ መኝታዋ፣ ምንጣፉና የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። እዚያ ያድጋል፣ ራሱን በድር ይጠቀልላል፣ አንዳንዱ ወራት ይቆያል። ስለዚህ የትኛውንም መድኃኒት ብትመርጡ የምትተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ እጠቡ፤ ፀሐይ ላይ አስጡ። ቤቱን በየቀኑ ጥረጉና ጥራጊውን ግቢ ውስጥ ሳታቆዩ አስወግዱ። ጭድ ላይ የምትተኛ የግቢ ውሻ ከሆነች ጭዱን አውጥታችሁ አቃጥሉት።

የሰፈር መድኃኒት

ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ በረኪና፣ የትምባሆ ውሃ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተባይ መርጫ። እነዚህን አላነጻጽርም። ውሻ የተቀባችውን ሁሉ ትልሳለች። ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ሲላሱ ይመርዛሉ። እማማ ያሉት እንዶድ ሸማ ያነጣል፤ የቆሰለ ቆዳ ላይና ዓይን ውስጥ ሲገባ ግን ያቃጥላል። ሬትም እንዲሁ፣ ቢጫው ፈሳሽ ሲላስ ሆድ ያዞራል።

ለሰው እከክ የሚሰጠውን ቢቢኤል ቅባት የሚሞክር አለ። የውሻን ቆዳ ያስቆጣል፣ ድመት ከነካው ደግሞ መርዝ ነው። ይለፋችሁ።

የሚነከርበት ወይም የሚረጭበት መድኃኒት

እዚህ በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው። ዲያዚኖን እና አሚትራዝ።

ዲያዚኖን ለበግና ለከብት ነው የሚመጣው፤ ባብዛኛው 60 በመቶ ሆኖ። እጅግ የጠነከረ ስለሆነ በጥቂት ጠብታ ስህተት ትንሽ ውሻን ያስመርዛል። ምራቋ ይወርዳል፣ ታስታውካለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ለሚያጥበው ሰውም ጥሩ አይደለም። ለትንሽ ውሻ አልመርጠውም፣ ነገሩ በዚህ አለቀ።

አሚትራዝ ግን ቦታ አለው። ለዴሞዴክስ፣ ለእከክና ለመዥገር ይሠራል። 12.5 በመቶ የሆነውን ሐኪሙ ባዘዘው ልክ በውሃ አቅጥኖ፣ ጸጉሯን አሳጥሮ፣ በስፖንጅ ቆዳዋን ማራስ ነው። አይታጠብም፣ በፎጣ አይደርቅም። ጓንት አድርጉ፣ ክፍት ቦታ ላይ ይሁን። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ያህል ድብታ ሊይዛት ይችላል። ችግሩ የሰውነት ሙቀት ማውረዱ ነው። እርጥብ ሆና እንድትደርቅ የሚያዝ፣ ሙቀትም የሚያወርድ መድኃኒት በደሴ ሐምሌ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ከአራት ወር በታች ለሆነች ቡችላ፣ ለእርጉዝ፣ ስኳር ላለባት እና ቺዋዋ ለሚባለው ዘር አይሆንም። ቁንጫ ላይም ደካማ ነው።

አይቨርሜክቲን መርፌው

በጣም የምሰማው ይህን ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ።

መድኃኒቱ ራሱ ጥሩ ነው። ለእከክ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ በ14 ቀን ልዩነት ይደገማል። እዚህ በየትኛውም መድኃኒት ቤት አይጠፋም፣ ርካሽም ነው። ከአምስቱ መመዘኛዎች ሦስቱን ያልፋል። የሚወድቀው ልኬት ላይ ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። 1 በመቶ የሆነው ብልቃጥ በአንድ ሚሊ ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው። ለከብት የሚሰጠው 1 ሚሊ ለ50 ኪሎ ነው። በዚያው ልክ ለቡቺ የሚደርሳት 0.09 ሚሊ ነው። ጠብታ በሉት። ያ ሰው ግን ያወጣልኝ 1 ሙሉ ሚሊ ነበር። አሥራ አንድ እጥፍ! ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ለበግና ለላም ሲያወጣ የሚውል እጅ ከዚያ በታች መለካት አልለመደም። ሐኪም ለእከክ ከከብቱ ልክ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ለቡቺ 0.2 ሚሊ አይደርስም። ይህን ለመለካት ባለ አምስት ሚሊ ሲሪንጅ አይረዳም። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ነው የሚለካው።

ሲበዛ ምን ይሆናል? ብሌኗ ይሰፋል፣ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ልትታወርና ራሷን ልትስት ትችላለች። ማርከሻ የለውም። ኮሊና አውስትራሊያን ሼፐርድ የሚባሉ የእረኛ ውሻ ዘሮች ደግሞ በተፈጥሯቸው አይችሉትም፤ ትንሽ መጠን እንኳ አንጎላቸው ውስጥ ይገባል። እናቷ ወይም አባቷ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሩት።

ሌላም አለ። አይቨርሜክቲን ቁንጫ ላይ አይታመንም። ብዙ ሰው «መርፌ አስወጋኋት፣ ግን አሁንም ታካለች» የሚለው ለዚህ ነው። ጥያቄው ቁንጫ ነበር፣ የተሰጠው መልስ የእከክ ነው።

ጠብታና የሚታኘክ ኪኒን

ጠብታው ማጅራቷ ላይ፣ ጸጉሩን ከፍሎ ቆዳው ላይ የሚንጠባጠብ ነው። ፊፕሮኒል ያለበት ለቁንጫና ለመዥገር ይሠራል፤ በየወሩ ይደገማል። ከማድረጋችሁ ሁለት ቀን በፊትና ሁለት ቀን በኋላ አታጥቧት። ለእከክ አትመኩበት። ፐርሜትሪን ያለበትን ቤታችሁ ድመት ካለች አታስገቡት። ውሻዋ ምንም አትሆንም፣ ድመቷን ግን ሊገድላት ይችላል።

ኪኒኑ እህቴ የነገረችኝ ነው። ፍሉራላነር የተባለው ለቁንጫ 12 ሳምንት ይቆያል። አፎክሶላነር ደግሞ አንድ ወር። ቁንጫና መዥገር ይገድላሉ፣ ለእከክና ለዴሞዴክስም ሐኪሞች ያዙታል። ትልቁ ነገር በክብደት ተከፋፍለው መምጣታቸው ነው። ፓኬቱ ላይ ከስንት እስከ ስንት ኪሎ እንደሆነ ተጽፏል፤ ሒሳብ የለም፣ ሲሪንጅ የለም። የትልቅ ውሻ ኪኒን ገዝታችሁ ግን አትቁረጡ፤ መድኃኒቱ በእኩል ላይከፋፈል ይችላል። የሚጥል በሽታ ላለባት ውሻ ለሐኪም ሳይነገር አይሰጥም። ሁለት ኪሎ ላልሞላች ወይም ሁለት ወር ላልሞላት ቡችላም አይሆንም።

ድክመቱ ዋጋና ርቀት ነው። እኔ ስፈልግ እዚህ አጥቼ ከአዲስ አበባ በሰው ነው ያስመጣሁት። ፓኬቱ ያልተከፈተ መሆኑንና ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን እዩ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ከዚያ በየሳምንቱ የምገዛውን ሻምፖ በ12 አባዛሁትና ዝም አልኩ።

ማሳከኩን ብቻ የሚያቆም

ፕሬድኒሶሎን ተአምር ይመስላል። ማታ ሰጥታችሁ ጠዋት አታክም። አደጋውም እሱ ነው። መንስኤው እዚያው ቁጭ ብሎ ምልክቱ ይጠፋል። ዴሞዴክስና ጭርት ከሆነ ደግሞ የሰውነቷን መከላከያ ስለሚያወርድ ያባብሰዋል። ውሃ ታበዛለች፣ ሽንቷን ታበዛለች፣ ቀኑን ሙሉ ትርባለች። እከክ አለመሆኑ ከታየ በኋላ፣ ለጥቂት ቀን፣ ሐኪም ሲያዝ ብቻ። ከዲክሎፌናክና ከአይቡፕሮፌን ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ እነዚያ ብቻቸውንም ውሻን ይጎዳሉ።

የሰው የአለርጂ ኪኒን፣ እንደ ሴትሪዚን ያለው፣ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ጥቅሙም እንዲሁ። አንዳንዷን ይረዳል፣ ብዙዋን አይረዳም። የጉንፋን መድኃኒት የተቀላቀለበትን ግን እንዳትሰጡ።

ምግብ መቀየር

ሰው ቶሎ ወደዚህ ይሮጣል። የምግብ አለርጂ ከቁንጫ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ቁንጫውና እከኩ ከተጣራ በኋላ የሚታይ ነገር ነው። ሙከራው ስምንት ሳምንት ነው፦ በልታው የማታውቀው አንድ ሥጋና አንድ ማባያ ብቻ። ሁልጊዜ የበሬ ትርፍራፊ ለምትበላ ውሻ የፍየል ሥጋ ከድንች ጋር፣ ወይም አጥንቱ የወጣለት የሐይቅ ዓሣ ከሩዝ ጋር። ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ። አንድ ልጅ ብስኩት ካቃመሳት ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ከአለርጂው ውጭ ሌላ ነገር አለ። እኛ ቤት በጾም ቡቺ ሽሮ በእንጀራ ትበላ ነበር። ሽሮው ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። ይህን ሳውቅ አፈርኩ።

ቆዳዋን ማስመርመር

ይህን ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነው። ሐኪሙ በዘይት በነካ ምላጭ ቆዳዋን ትንሽ ይፍቃል፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ያያል። ዴሞዴክስ ካለ ብዙ ጊዜ ይገኛል። እከክ ግን ተደብቆ ሊያመልጥ ይችላል፤ «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ያኔ ሐኪሙ በጥርጣሬው ያክማል፣ ውጤቱን ያያል። ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት አታጥቧት፣ ምንም አትቀቧት።

ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አላት። ብዙ ትልልቅ ከተሞች ይህን አያገኙም። ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ «በማይክሮስኮፕ ታያላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አያስፈልግም፣ መርፌ እንውጋት» ከሆነ ሌላ ቦታ ሞክሩ።

ባጭሩ

| አማራጭ | የሚያክመው | የማያክመው | ለትንሽ ውሻ ያለው አደጋ | የሦስት ወር ወጪ | መገኘቱ |
|---|---|---|---|---|---|
| በአጃ ወይም በለስላሳ ሻምፖ ማጠብ | የተቆጣና የደረቀ ቆዳ | ቁንጫ፣ እከክ | ብርድ ብቻ | ዝቅተኛ | በቀላሉ |
| ክሎርሄክሲዲን ሻምፖ | መግል፣ ሽታ | ተባይ ሁሉ | ትንሽ | መካከለኛ | ተፈልጎ |
| አሚትራዝ | ዴሞዴክስ፣ እከክ፣ መዥገር | ቁንጫ፣ አለርጂ | ድብታ፣ የሙቀት መውረድ | ዝቅተኛ | ይገኛል |
| ዲያዚኖን | ተባይ | አለርጂ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ይገኛል፤ ግን ተዉት |
| አይቨርሜክቲን | እከክ | ቁንጫ፣ አለርጂ | ልኩ ከተሳተ ከፍተኛ | ዝቅተኛ | በቀላሉ |
| ጠብታ (ፊፕሮኒል) | ቁንጫ፣ መዥገር | እከክ | ትንሽ | መካከለኛ | ተፈልጎ |
| የሚታኘክ ኪኒን | ቁንጫ፣ መዥገር፣ እከክ፣ ዴሞዴክስ | አለርጂ፣ ፈንገስ | ትንሽ፤ የሚጥል በሽታ ካለ ጥንቃቄ | መጀመሪያ ከፍተኛ፣ ሲካፈል መካከለኛ | ባብዛኛው ከአዲስ አበባ |
| ፕሬድኒሶሎን | ማሳከክ ብቻ | መንስኤውን | ካለ ምርመራ ከፍተኛ | ዝቅተኛ | በቀላሉ |
| ምግብ መቀየር | የምግብ አለርጂ | ሌላውን ሁሉ | የለም | መካከለኛ | በቀላሉ |

እና እናንተስ?

እጃችሁ ካጠረና ሶፍቱ ቀይ ከሆነ፦ ማበጠሪያ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ መኝታዋን በየሳምንቱ መቀቀል። ማበጠሪያውን የሳሙና ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ በየቀኑ አበጥሩ። ልፋት አለው፣ ግን ይቀንሳል። ብር ሲገኝ አንድ ጠብታ ጨምሩበት።

እጃችሁ ካጠረና እከክ ከሆነ፦ አይቨርሜክቲን፣ በሐኪም እጅ፣ በተመዘነ ክብደት። ከሁሉ ርካሹ ትክክለኛ መንገድ እሱ ነው። ግቢው ውስጥ ያሉት ውሾች ሁሉ አብረው ይታከሙ፤ አለዚያ ተባይዋ ትመለሳለች።

ትንሽ ብር ካላችሁና ሩጫ ከሰለቻችሁ ኪኒኑን ምረጡ። ኮምቦልቻ ላላችሁማ፣ መዥገሩም ስለማያርፍ፣ እኔ ብሆን ሌላ አላስብም ነበር።

ቡችላ ከሆነች ሁለት ወር እስኪሞላት ማበጠሪያና ለብ ያለ ውሃ ብቻ። ሕፃን ልጅ ያለበት ቤት ከሆነና ክብ መመለጥ ካያችሁ ምርመራው ይቅደም፤ እስከዚያ ልጆቹ አያቅፏት።

ውሻ ቤት የማይገባባቸው ቤቶች ደሴ ብዙ ናቸው። እናንተ እንዲያውም ቀለል ይላችኋል፤ ቁንጫው ያለው አንድ የውሻ ቤት ውስጥ ነው። ጭዱን አውጡ፣ ጣውላው ላይ የፈላ ውሃ ድፉበት፣ ፀሐይ ላይ ገልብጡት።

የቡቺ ሶፍት ቀይ ነበር። ያ አንድ ሚሊ መርፌ ቢወጋት ኖሮ ቁንጫዎቹ ይተርፉ ነበር። ኪኒኑን ከወሰደች በኋላ ማከኳ ወዲያው አልቆመም፤ ከድሩ እየወጡ የሚዘሉ አዳዲሶች ለሳምንታት ነበሩ። ብዙ ሰው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ የሚደርበው በዚህ ጊዜ ነው። አትደርቡ። ሶፍቱን በየሳምንቱ እየደገማችሁ ቀዩ እየቀነሰ መሆኑን እዩ። በአንድ ወር ካልቀነሰ፣ ወይም ከዚያ በፊት ቆዳዋ መግል ከያዘ፣ መብላት ካቆመች ወይም ከደከመች፣ ሶፍቱንና የወሰደችውን መድኃኒት ፓኬት ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።